ላም አለኝ በሰማይ፦ ስለ ዘገየው ሮኬትና ስለማይሞተው አሉባልታ

«ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይላሉ አበው። ወሬ በጆሮ የሚገባ ነገር ነው፤ መላ ግን በአእምሮ ተፈትሾ የሚጨመር ነው። እኛ ግን፣ ውድ አንባቢያን፣ ምክሩን ገልብጠን ይዘነዋል። ወሬ ሲነግሩን ሌላ ወሬ እንጨምርበታለን፤ ሁለቱ ሲጋቡ የሚወለደውንም «ትንታኔ» ብለን ስም እናወጣለታለን። የዛሬው ጽሑፌ መነሻ ከሀገራችን እጅግ ርቆ በፍሎሪዳ የባሕር ዳርቻ የደረሰ ጉዳይ ነው። መድረሻው ግን እዚሁ ቤታችን ነው። «የፖለቲካ ሳይንስ መምህር ስለ ሮኬት ምን አገባው?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም፤ እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ ብቻ እለምነዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነበር

ሴፕቴምበር 1 ቀን 2016 (እ.ኤ.አ.)፣ በአካባቢው ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ7 ደቂቃ። የኤሎን መስክ ኩባንያ ስፔስኤክስ ፋልከን 9 የተባለውን ሮኬት በኬፕ ካናቬራል አቁሞ ነዳጅ ይሞላል። ዕለቱ የመወንጨፊያ ቀን አልነበረም። ከሁለት ቀን በኋላ ለታቀደው ጉዞ፣ ሮኬቱ መሬት እንደ ያዘ፣ ሞተሮቹ ለጥቂት ሴኮንድ ተለኩሰው የሚፈተሹበት ቀን ነበር። ፍተሻው ሊጀመር ስምንት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ከሮኬቱ የላይኛው ክፍል እሳት ፈነዳ፤ ሁሉም ነገር በነበልባል ተዋጠ። ሰው አልተጎዳም። ነገር ግን ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል አሞስ 6 የተባለው ሳተላይት ለፍተሻውም ሳይወርድ በሮኬቱ ራስ ላይ ተቀምጦ ስለ ነበር፣ እርሱም አብሮ ዐመድ ሆነ።

ይህ ሳተላይት ማን ነበር? ባለቤቱ ስፔስኮም የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ነው። ከአገልግሎቱ ከፊሉን ግን ፌስቡክና የአውሮፓው ዩቴልሳት በ95 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተከራይተውት ነበር። ለምን? ከሰሐራ በታች ላለው የአፍሪካ ሰፊ ክፍል ኢንተርኔት ሊያድሉበት! የፌስቡኩ ማርክ ዙከርበርግ መርዶውን የሰማው ኬንያ ውስጥ ሆኖ ነበር። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረታችን ለዚህ ቀን የተተረተ ይመስላል። ልዩነቱ፣ የእኛይቱ ላም ሰማይ እንኳ ሳትደርስ በበረቷ መቃጠሏ ነው።

ከፍንዳታው በኋላ የኩባንያው ሮኬቶች በሙሉ ከበረራ ታገዱ። ቀጥሎ ተራ ይጠብቅ የነበረው ኢሪዲየም የተባለው የሳተላይት ስልክ ድርጅት ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) መወንጨፍ የጀመሩትን ያረጁ ሳተላይቶቹን ለመተካት እ.ኤ.አ. በ2010 የ492 ሚሊዮን ዶላር ውል ተዋውሎ፣ የመጀመሪያዎቹን ዐሥር ሳተላይቶች አሰናድቶ ይጠብቃል። በመጀመሪያ «በኖቬምበር እንመለሳለን» ተባለ። ኖቬምበር አለፈ። «ዲሴምበር 16» ተባለ። አለፈ። «የጃንዋሪ መጀመሪያ» ተባለ፤ የአየር ጠባይ ከለከለ። በመጨረሻ ሮኬቱ ከካሊፎርኒያው ቫንደንበርግ የተነሣው ጃንዋሪ 14 ቀን 2017 ነው። አራት ወር ተኩል! እንግዲህ በዚህ አራት ወር ተኩል ውስጥ ነው የዓለም ወሬኛ ሁሉ በዓሉን ያከበረው።

ተኳሹ ማነው?

ኩባንያው ወዲያው መንስኤውን መናገር አልቻለም። ፍንዳታው ከተሰማ ከቀናት በኋላ መስክ ራሱ በትዊተር ገጹ፣ ከእሳቱ ጥቂት ሴኮንዶች ቀድሞ የተሰማ ዝቅ ያለ የፍንዳታ ድምፅ ምንጩ እየተጣራ መሆኑን ጻፈ። ከዚያማ ምን ቀረ! አንዱ በቪዲዮው ላይ ያለፈችውን ጥቁር ነገር አሳድጎ «ከሌላ ዓለም የመጣ መንኮራኩር» አለ። ሌላው «ጥይት ነው» አለ። በዚያው ወር መጨረሻ ዋሽንግተን ፖስት አንድ ዘገባ ይዞ ወጣ። ከማስወንጨፊያው አንድ ማይል ገደማ ርቆ የተቀናቃኙ የዩናይትድ ላውንች አላያንስ ሕንፃ ይገኛል፤ የስፔስኤክስ ሠራተኛ ወደዚያ ሄዶ ጣሪያው ላይ እንዲወጣ ጠየቀ፤ ምክንያቱም በቪዲዮው ላይ በዚያ ጣሪያ አንድ እንግዳ ጥላ፣ ቀጥሎም ነጭ ነጥብ ታይቷል። ተቀናቃኙ እምቢ አለ፤ የአየር ኃይል መርማሪዎች ግን ጣሪያውን አዩ፤ ከአደጋው ጋር የሚያያዝ ነገር አላገኙም።

ፍትሐዊ እንሁን። ጥርጣሬው ከባዶ ሜዳ የበቀለ አልነበረም። ዩናይትድ ላውንች አላያንስ የቦይንግና የሎክሂድ ማርቲን ጥምር ልጅ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2006 ከተመሠረተ ወዲህ የአሜሪካን ወታደራዊ ሳተላይቶች የማስወንጨፍ ሥራ ለዓመታት ብቻውን ይዞ የኖረ ነው። ስፔስኤክስ ይህን ገበያ ለመስበር በ2014 የአየር ኃይሉን ፍርድ ቤት ድረስ ከስሶ፣ በ2015 መጀመሪያ በስምምነት ተለያይቷል። ጠብ ነበረ፤ ገንዘብ ነበረ፤ ቅናት ነበረ። ይሁን እንጂ ጠላት መኖሩ ጠላት መተኮሱን አያስረዳም። እኔ ጎረቤቴ ስለሚጠላኝ ብቻ ምጣዴ በተሰነጠቀ ቁጥር ጎረቤቴን ብከስ፣ ዳኛው አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ ምጣዱ እንጂ ስለ ጎረቤቴ ጠባይ አይደለም።

የእኔው ኀፍረት

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ሌላውን ከመውቀስ በፊት የራስን ማስቀደም ይገባልና። በኅዳር ወር 2009 ዓ.ም. እኔም «ተኳሹ» ከሚሉት ወገን ነበርሁ። የሞባይል ኢንተርኔት በተዘጋበት በዚያ ሰሞን፣ ከውጭ ሀገር ስብሰባ የተመለሰ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቪዲዮውን በፍላሽ ይዞት መጥቶ፣ በመምህራን ክበብ ማኪያቶ ላይ ሆነን ደጋግመን አየነው። ልብ በሉ፦ ለአፍሪካ ኢንተርኔት ሊሰጥ የነበረው ሳተላይት ስለ ተቃጠለበት ምክንያት የሚወራው ወሬ፣ ኢንተርኔት በሌለበት ሀገር፣ በፍላሽ እየተገለበጠ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። አሉባልታ ሳተላይት አያስፈልገውም!

እኔም በማግስቱ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሥነ ዜጋ ትምህርት ስሰጥ፣ ትላልቅ ኩባንያዎች ለገበያ ሲሉ እስከ ምን እንደሚደርሱ ለማሳየት ይህንኑ ታሪክ እንደ ተረጋገጠ ነገር አድርጌ ተናገርሁ። «እሳት በሌለበት ጭስ አይታይም» ብዬም አሳረግሁት። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ከኋላ ወንበር አንድ የምህንድስና ተማሪ እጁን አወጣ።

«ዶክተር፣ ካሜራው የት ነበር የቆመው?» አለኝ።

«ከፍንዳታው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ» አልሁት።

«እንደዚያ ከሆነ፣» አለ በትሕትና፣ «ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። የፍንዳታው ድምፅ ካሜራው ዘንድ የደረሰው እሳቱ ከታየ ከብዙ ሴኮንዶች በኋላ ነው። ካሜራው አጠገብ ብረት ቢንኳኳ ግን ድምፁ በዚያው ቅጽበት ይቀዳል። ታዲያ እርስዎ ቀድሞ የተሰማው ድምፅ ከጣሪያው የመጣ ነው ያሉት በምን ለይተውት ነው?»

መልስ አልነበረኝም። «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሌላ ጊዜ እንመለስበታለን» አልሁ፤ እኛ መምህራን ስንሸነፍ የምንላትን ቃል። አልተመለስሁበትም። ያ ልጅ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም፤ ይህችን ጽሑፍ ግን የምጽፈው ለእርሱ የነበረብኝን ዕዳ ለመክፈል ጭምር ነው። ሦስተኛ ዲግሪዬ በዚያች ሰዓት ያስተማረኝ ነገር አልነበረም፤ ያስተማረኝ የኋላ ወንበር ነው።

እውነተኛው ተኳሽ

የምርመራው ውጤት በጃንዋሪ 2017 መግቢያ ወጣ። መርማሪዎቹ ከ3,000 በላይ የመረጃ መስመሮችንና ቪዲዮዎችን በርብረዋል። ከመጀመሪያው የብልሽት ምልክት አንሥቶ ሁለተኛው የሮኬቱ ክፍል እስከ ጠፋበት ድረስ የነበረው ጊዜ 93 ሚሊሴኮንድ ነበር። ዐይን ለመርገብ ከሚፈጅበት ጊዜ ያጥራል!

መንስኤው ምን ሆነ? በላይኛው የኦክስጅን ጋን ውስጥ የሂሊየም ጋዝ የሚታመቅባቸው ጠርሙሶች አሉ፤ ውስጣቸው የአልሙኒየም ገበር፣ ውጫቸው የካርቦን ክር ጥምጥም ነው። ኩባንያው በአንድ ጋን ብዙ ኦክስጅን ለማስገባት ሲል ፈሳሹን ከተለመደው መፍያ ነጥብ (ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ) አሳልፎ ከዜሮ በታች 207 ዲግሪ ገደማ ድረስ ያቀዘቅዘዋል። በገበሩ ላይ ጥቃቅን እጥፋቶች ነበሩ፤ ኦክስጅኑ በክሩ መካከል ሰርጎ በእነዚያ እጥፋቶች ውስጥ ተጠራቀመ። የሚሞላው ሂሊየም ደግሞ እጅግ ቀዝቃዛ ስለ ነበር ኦክስጅኑን ወደ ጠጣርነት ሊለውጠው የሚችል ሆነ። ግፊቱ ሲጨምር የተያዘው ኦክስጅን መውጫ አጣ፤ ክር ሲበጠስ ወይም ሲፋተግ የሚፈጠረው ሙቀት ለማቀጣጠል በቂ ነበር። መፍትሔውም ሂሊየሙን ሞቅ አድርጎ መሙላት፣ ቀድሞ ወደ ተፈተነው የአሞላል ሥርዓት መመለስና በኋላም የጠርሙሶቹን አሠራር ማሻሻል ሆነ።

እነሆ ተኳሹ! ጣሪያ ላይ የተኛ ጠላት ሳይሆን በገዛ ጋናቸው ውስጥ የተሸሸገ እጥፋት ነበር። ያጣደፈውም የራሳቸው የአሞላል ለውጥ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ቁም ነገር አለ፤ የጽሑፌም ምሰሶ እርሱ ነው። የስፔስኤክስ መሐንዲሶች ራሳቸው የተኳሹን ነገር ንቀው አልተዉትም። በኋላ እንደ ተጻፈው፣ እንዲህ ያለውን ጠርሙስ በጥይት መትተው ውጤቱን እስከ ማየት ደርሰዋል። ጉዳዩ ለመንግሥት መርማሪዎችም ቀርቧል፤ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በኦክቶበር 2016 ለኩባንያው በጻፈውና በ2025 ይፋ በሆነው ደብዳቤ፣ የፌዴራል ምርመራ ቢሮው የአሻጥርም ሆነ የሌላ ወንጀል ምልክት እንዳላገኘ አሳውቋል። ታዲያ በእነርሱና በእኔ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ሁላችንም ገምተናል። እነርሱ ግን ግምታቸውን ጠረጴዛ ላይ አኑረው «ይህ እውነት ካልሆነ በምን እናውቃለን?» ብለው ሊገድሉት ተነሡ፤ ግምቱም ሞተ፤ ቀበሩትና ሥራቸውን ቀጠሉ። እኔ ግን ግምቴን አሳምሬ፣ ተረት አልብሼ፣ ጭብጨባ ሸመትሁበት። የእነርሱ መላ ምት ይባላል፤ የእኔ አሉባልታ። መላ ምት ሟች ነው፤ ክብሩም መሞት መቻሉ ነው። አሉባልታ ግን ሞት የለውም፤ ማስረጃ ሲጠፋ «ደብቀውት ነው» ይላል፤ ማስረጃ ሲገኝ «አቀነባብረውት ነው» ይላል።

ዝምተኛውስ ንጹሕ ነውን?

አንዳንድ አንባቢ እስካሁን «ዶክተሩ የኩባንያ ጠበቃ ሆነ» ሳይለኝ አልቀረም። አልሆንሁም። አሉባልታ እናት ብቻ ሳይሆን አባትም አለው፤ አባቱ ዝምታ ነው።

ከአሞስ 6 አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ጁን 28 ቀን 2015፣ ይኸው ፋልከን 9 ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ስንቅ ይዞ ሲጓዝ ተበታተነ። ኩባንያው በራሱ መሪነት ባካሄደው ምርመራ፣ የሂሊየም ጠርሙስ የያዘው የብረት ድጋፍ ጉድለት ነበረበት አለ፤ የአቅራቢው ዕቃ ተበላሸ እንደ ማለት ነው። በናሳ በኩል የተቋቋመው ገለልተኛ ቡድን ግን፣ ማጠቃለያው በ2018 ይፋ ሲሆን እንደ ታየው፣ ጥፋቱን የንድፍ ስሕተት አለው፤ ለጠፈር ሳይሆን ለተራ ኢንዱስትሪ የተመደበ ዕቃ ያለ በቂ ፍተሻ ተመርጧልና። አንድ አደጋ፣ ሁለት መንስኤ! አንዱ ጣቱን ወደ ውጭ ይቀስራል፤ ሌላው ወደ ቤት ውስጥ። ራሱን የሚመረምር ሰው በራሱ ላይ የሚፈርደው ስንት ጊዜ ነው? ሕዝብ ይህን ሲያይ ቢጠራጠር ጥፋቱ የሕዝብ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ የምሟገተው «አትጠርጥሩ» በሚሉትም ላይ ነው። ባለሥልጣን ሲዘገይ፣ ኩባንያ ሲዘገይ፣ ምክንያቱን ሳይናገር «ታገሡ፤ ባለሙያዎች ይዘውታል» ማለት ሕዝብን እንደ ሕፃን ማየት ነው። ሰው ተፈጥሮው ባዶ አይወድም፤ ምክንያት ካልሰጡት ራሱ ያበጃል። መዝገቡን የቆለፈ ሰው በር ላይ ስለሚነገረው ተረት የመቆጣት መብት የለውም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ያኔ በአፍሪካ ሰማይ ላይ ሊሰቀል የነበረው ኢንተርኔት በ93 ሚሊሴኮንድ ጠፋ፤ ለምን እንደ ጠፋ ግን በአራት ወር ውስጥ ከነ ሙቀት መጠኑ ተነገረ። በምድር የነበረው የእኛ ኢንተርኔትስ? በሐምሌ 2008 ማብቂያና በነሐሴ መባቻ፣ በኦሮሚያና በአማራ ክልሎች ተቃውሞ በተቀጣጠለበት ሰሞን ተቋረጠ፤ በመስከረም 2009 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታውጆ የሞባይሉ መስመር ለወራት ተዘጋ። ለዚህ የሚወነጨፍ ሮኬትም ሆነ የሚፈነዳ ጠርሙስ አላስፈለገም፤ አንድ ትእዛዝ በቃ። ማን አዘዘ፣ በምን ሕግ፣ ለስንት ቀን፣ ጉዳቱስ ስንት ነው የሚለውን ዘርዝሮ ያስረዳ ዘገባ እስከ ዛሬ እጄ አልገባም። አሞስ 6 ባይቃጠል ኖሮ እንኳ፣ ሰማይ ላይ ያለችውን ላም ወተት ምድር ላይ የሚያስቀዳ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር።

ግምት በማን ላይ እንደሚወድቅም የምናውቅ እኛ ነን። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከተነሣ ስድስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ነፍሳት አለቁ። የጥቁር ሣጥኑ ነገር ገና ሳይበርድ በዋሽንግተን የምክር ቤት አዳራሽ ሳይቀር «የአብራሪዎቹ ሥልጠና ነው» የሚል ግምት ተናፈሰ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል የወጣው የመጀመሪያ ደረጃ ዘገባ አብራሪዎቹ ከአምራቹ የተሰጣቸውን መመሪያ መከተላቸውን አስታወቀ፤ ቦይንግም በጃንዋሪ 2021 የአሜሪካን የቁጥጥር መሥሪያ ቤት በማታለል ሤራ ተከስሶ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። ኃያሉ ሲገምት «የባለሙያ አስተያየት» ይባላል፤ ደካማው ሲገምት «የሤራ ትንተና» ይባላል። ሚዛኑ ግን አንድ መሆን አለበት፤ ለእኛም ጭምር! በዲሴምበር 2022 የመጨረሻው የሀገራችን ዘገባ ሲወጣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች ስለ ዳሳሹ ብልሽት ምንጭና ስለ አብራሪዎቹ አያያዝ ያቀረቡትን ተቃውሞ፣ አብዛኞቻችን ሳናነብ ነው ያጣጣልነው። ለራሳችን የምንጠይቀውን ትዕግሥት ለሌላው ስንነፍግ ያው የጣሪያው ተኳሽ ፈላጊዎች መሆናችን ነው።

እንግዲህ ምን ይሻላል?

ነገ ሌላ ሮኬት ይዘገያል፤ ሌላ ግድብ፣ ሌላ ባቡር፣ ሌላ ምርጫ ይዘገያል። ያን ጊዜ ሦስት ጥያቄ ይበቃናል። አንደኛ፣ ምክንያቱን የሚነግረኝ ሰው መዝገቡን አሳይቶኛልን? ሁለተኛ፣ መርማሪውና ተመርማሪው አንድ ሰው ናቸውን? ሦስተኛ፣ የእኔ ግምት ሐሰት ከሆነ በምን ዐውቃለሁ? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ባለሥልጣንን የሚያስጨንቁ ናቸው። ሦስተኛው ግን ራሴን የሚያስጨንቀኝ ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል ሁለቱን ጮኸን የምንጠይቀው፣ ሦስተኛውን ግን የምንዘለው።

የኋላ ወንበሩ ልጅ ሦስተኛውን ጠየቀኝ። ሀገር የሚያስፈልጋት እንዲህ ያለ ጠያቂ ነው። ለእርሱ ግን ሁለት ነገር ይገባዋል፦ የተከፈተ መዝገብና «አላውቅም» ማለት የማያፍር መምህር። የመጀመሪያውን የሚሰጠው መንግሥት ነው፤ እንጠይቃለን፣ እንጮኻለን። ሁለተኛውን ግን ለመስጠት የማንንም ፈቃድ መጠበቅ አላስፈለገኝም ነበር፤ ዘገየሁ። ስለ መዘግየቴ ምክንያት አትገምቱ፤ ኩራት ነው።

ቸር ይግጠመን።